ጋላክሲ ሳይቀር የሚጠረጥሩት መምህራችን ጌታሁን ይመር

የመምህራችን የጌታሁን ይመርን ማረፍ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ግቢውን እንኳ በቅጡ ሳልለምድ ነው። ከምሳ ወጥቼ ወደ ክፍል ስሄድ ስልኬ ጠራ። የደወለችው መካነ ሰላም አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ ሀያት ነበረች።

«ቲቸር ጌታሁን አረፉ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«እንዴት ማን ነገረሽ ትይኛለሽ?»

«አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?»

ሳቅም ለቅሶም ባልሆነ ድምፅ «ሁለት ሰው ነው። አንዱ ከሌላው አልሰማም» አለችኝ። ያን ጊዜ አመንኩና መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ መርዶ ላመጣ ሰው ማቅረብ ለማያውቃቸው ነውር ይመስላል። ተማሪዎቻቸው ግን ይረዱኛል። አንድን ነገር ሁለት ሰው ሳይነጋገር ካላየው እንዳናምን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ይህን ጽሑፍ መንፈቃቸው ሲደርስ የጻፍኩት በመካነ ሰላም፣ በወግዲና በአካባቢው ለሚያውቋቸው ሁሉ ነው። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከእኔ የሚሻሉ ብዙ ተማሪዎች አሏቸው፤ ስለዚህ ያጎደልኩት ካለ እንድታርሙኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

መምህር ጌታሁን መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ጉበታቸውን ለወራት ሲያማቸው ቆይተው ደሴ በሕክምና ላይ ሳሉ አረፉ። የተቀበሩት በተወለዱበት በወግዲ ወረዳ ነው። እኔም ለቀብሩ ደረስኩ። የቅሬው፣ ማለትም የአካባቢው እድር አባላት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ እንደ ልማዳችን ድንኳኑን አብረው ተከሉ፣ አስከሬኑን እየተቀባበሉ ተሸከሙ። ለቅሶው ላይ ከየአቅጣጫው የምሰማው አንድ ነገር ነበር። «ሰው አማኝ ነበሩ» ይላል አንዱ። «በማንም ላይ ጥርጣሬ አልነበራቸውም» ይላል ሌላው። «የዋህ ነበሩ እኮ» ትላለች አንዷ እናት።

ሁሉም ሲስማማ ቅር አለኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና እኔ የማውቃቸው መምህር ጌታሁን ሁሉን ይጠረጥሩ ነበር። ሚዛኑን ይጠረጥራሉ። ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን መልስ ይጠረጥራሉ። በሩን ቆልፈው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመልሰው ቁልፉን ይነቀንቁታል። የራሳቸውን ሐሳብ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጠረጥሩ ነበር። እኛ የወደድናቸው በዚህ ጠባያቸው ነው እንጂ ይህ ጠባይ ስለሌላቸው አይደለም። ስለዚህ ይህን ከመጻፌ በፊት ሀያትንና አጎቷን አቶ ሙሄን ለየብቻ ጠይቄያለሁ። የተለያዩበትንም ሳልደብቅ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ወደ ከተማችን ሲመጡ የተጠረጠሩት እሳቸው ነበሩ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አዲስ አበባ ሠርተዋል። ያጠኑት ደግሞ በኢንፍራሬድ ብርሃን ደምቀው የሚታዩ ጋላክሲዎችን ያልተለመደ ቅርጽ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «ታዲያ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?» አለ። «ተባሮ ነው» ያለ አለ። «ዕዳ ሸሽቶ ነው» ያለ አለ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ደፍሮ ጠየቃቸው። «ቲቸር፣ እውነት ለምን መጡ?» አላቸው። «እናቴ ወግዲ ናት። አርጅታለች» አሉት። «ሌላስ?» «ሌላ የለም። ግን አትመነኝ፤ እናቴን ጠይቃት» አሉት። ልጁ የወግዲ ልጅ ስለነበር እውነትም ሄዶ ጠየቀ። እናትየው ምሳ አብልተው ላኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ የአይሲቲ ክፍሉን አስከፍተው የጋላክሲ ምስሎችን ያሳዩን ነበር። ምስሎቹን የሚያወርዱት ደሴ ሲሄዱ፣ ለማንም ክፍት ከሆነ የምስል ማከማቻ ነው፤ በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ያሉትን አስታውሳለሁ።

«ማታ እሳት ስትዳፍኑ ከአመዱ በታች ያለውን ፍም ታዩታላችሁ?»

«አናይም።»

«መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?»

«እጃችንን ስናስጠጋ ይሞቀናል» አለች ሀያት።

«እነዚህ ጋላክሲዎች የተዳፈነ እሳት ናቸው። ውስጣቸው አዳዲስ ከዋክብት እየተወለዱ ነው፤ ግን አቧራ ሸፍኗቸዋል። በተራ ብርሃን ስታዩዋቸው ደብዛዛ ናቸው። ኢንፍራሬድ ማለት እጅን ማስጠጋት ነው። በሙቀታቸው ስታዩዋቸው ከሁሉ የደመቁ እነሱ ናቸው።»

ቅርጻቸው ለምን እንደሚበላሽም ነገሩን። ሁለት ጋላክሲዎች ሲጋጩ ወይም ተቀራርበው ሲተላለፉ አንዱ የሌላውን ከዋክብት ይጎትታል። አንዳንዱ ረጅም ጅራት ያወጣል፤ አንዳንዱ ቀለበት ይሆናል፤ አንዳንዱ ሁለት እምብርት ይዞ ይቀራል። አቧራውና ጋዙ የሚታመሰውም፣ ከዋክብቱ በብዛት የሚወለዱትም በዚሁ ግርግር ነው። የእኛ ሥራ ምስሉን አይቶ ቅርጹን መለየት ነበር። ስም የምናወጣው እኛው ነን፤ «ገበቴ»፣ «ማጭድ»፣ «የተቀደደ ነጠላ» እያልን። አንዱን ምስል ሁለት ልጅ ለየብቻ ያየዋል። ከተለያዩ ሦስተኛ ሰው ይጨመራል።

ለጥቂት ሳምንታት አንድም ጊዜ አልተለያየንም። ደስ የሚላቸው መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ወረቀቶቻችንን እያገላበጡ ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህን ሁሉ ሰው ምን አስማማው?» አሉ።

አንዱ ልጅ «በር ላይ ተነጋግረን ነው የምንገባው፣ ቲቸር። አንዳችን ተሳስተን በሰው ፊት እንዳናፍር» አላቸው። ጓደኛን ማሳፈር ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው፤ ጥፋት መሆኑን ማንም አልጠረጠረም።

መምህር ጌታሁን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እናንተ ሽማግሌ ሆናችሁ ጋላክሲዎቹን አስታርቃችኋቸዋል» አሉ። «እኔ የምፈልገው ምስክር ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስሎቹን እየገለበጡና ቅደም ተከተላቸውን እያዘበራረቁ ይሰጡን ጀመር። አንዱንም ምስል በሌላ ቀን ደግመው ያመጡታል። እኛም በተራችን እሳቸውን መጠርጠር ጀመርን። አዲስ ምስል ሲሰጡን «ይህ የባለፈው ነው፤ ሊፈትኑን ነው» እንባባላለን። አንዳንዴ ነበር፣ አንዳንዴ አልነበረም።

ሀያት ያን ምስል ያየችው በዚህ መሃል ነው። መሃሉ እንደ ፍም የቀላ፣ በአንድ ወገን የተቆለመመ ረጅም ክንድ ያለው፣ በሌላው ወገን ደግሞ ቀጥ ያለ ቀጭን ነገር የወጣበት ጋላክሲ ነበር። «ማጭድ ከነእጀታው» ብላ ጻፈች። ለእኔም ለብቻዬ ሰጡኝ፤ ሳላውቅ ያንኑ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ቅርጽ ቀደም ሲል ካየናቸው ውስጥ አልነበረም።

ሀያት ለምን በዚህ ምስል እንደተያዘች መናገር አለብኝ። እናቷ ጅዳ በቤት ሠራተኛነት ትሠራለች። ሀያት የምትኖረው ከአጎቷ ጋር ነው፤ አጎቷ ከአጅባር ገበያ እስከ ደሴ ከብት የሚነግዱ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን ጅዳ ያለችው አክስቷ ለሀያትም የሥራ ቤት አግኝታላት ነበር። ፓስፖርት ተጀምሯል። ሀያት መማር እንደምትፈልግ ብታለቅስ አቶ ሙሄ «እሺ፣ ደሴ በሚደረገው የተማሪዎች የሳይንስ ኤግዚቢሽን ላይ ሰው የሚያየው ነገር ይዘሽ ቅረቢ። ካቀረብሽ ትማሪያለሽ። ካላቀረብሽ ትሄጃለሽ» አሏት። ለማቅረብ ደግሞ ሥራው ትክክል ነው ብሎ መምህሩ መፈረም አለበት።

መምህር ጌታሁን አልፈርምም አሉ።

«ለምን፣ ቲቸር?» አለች ሀያት።

«አጠገቡ ያለውን ኮከብ አልወደድኩትም።»

ከጋላክሲው ጎን አንድ በጣም ደማቅ ኮከብ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለማስረዳት አምፖሉን አበሩና ሁላችንንም ዓይናችንን ጨፈን አድርገን እንድናየው አዘዙን። «ምን ታያላችሁ?» «ጨረር።» «የማን ነው ጨረሩ?» «የአምፖሉ።» «በሉ አሁን አንገታችሁን ወደ ቀኝ አዘንብሉ።» ስናዘነብል ጨረሩም አብሮን አዘነበለ። «የአምፖሉ ቢሆን ኖሮ ባለበት ይቆይ ነበር። ከእናንተ ጋር የሚዞር ነገር የእናንተ ነው፤ የሽፋሽፍታችሁ ነው። ካሜራም እንደዚሁ ነው። ደማቅ ኮከብ አጠገቡ ሲኖር የሌለ ክንድ ይሠራል። እኔ የሀያትን ሁለት ክንዶች ሁለቱንም እጠረጥራለሁ።»

እንደዚያ ተደርድረን፣ ዓይናችንን ጨፈን አድርገን፣ አንገታችንን አዘንብለን ሳለ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩን ከፍተው አዩን። ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት። ሰኞ ጠዋት ከተማው ሁሉ መምህር ጌታሁን ለልጆች አዲስ ሃይማኖት እያስተማሩ ነው ይል ነበር። «አምፖል ያሰግዳቸዋል» ተባለ። እሳቸው አልተቆጡም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የደብሩን መሪጌታና የመስጊዱን ሼኽ ጋበዟቸው። ሁለቱ አዛውንቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንገታቸውን አዘንብለው አምፖሉን ሲያዩ ላለመሳቅ ከንፈራችንን ነከስን። ሼኹ «ሱብሃነላህ፣ ለካ የራሴ ሽፋሽፍት ነው!» አሉ። መሪጌታው ቀና ሳይሉ «የእኔ አልዞረም» አሉ። መምህር ጌታሁን ከሁሉም በላይ በዚህ ተደሰቱ። «አያችሁ? እሳቸው በር ላይ አልተነጋገሩም» አሉን። ኋላ ሲታይ መሪጌታው አንገታቸውን ሳይሆን ትከሻቸውን ነበር ያዘነበሉት።

የሃይማኖቱ ሐሜት እንዲህ ቢበርድም ሌላው ባሰ። «ፊርማ የሚከለክል ሰው ራሱ ሊፈርምበት ፈልጎ ነው» ይሉ ነበር ልጆቹ። እኔም ልቤ ወደዚያው ያዘነብል ነበር። ይህ ወሬ አቶ ሙሄ ዘንድ ደረሰ። አንድ ቀን ከገበያ እንደተመለሱ ዱላቸውን ይዘው ትምህርት ቤት መጡ። እኔና ሀያት መስኮቱ ሥር ነበርን።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መምህር።»

«ወአለይኩም ሰላም። ይቀመጡ፣ አቶ ሙሄ።»

«አልቀመጥም፤ ቆሜ የምጠይቀው ነው። ልጅቷ ያገኘችውን ነገር ለራስዎ ሊያደርጉት ነው ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ።»

«ስንት ሰው?»

«ምስክሬን ሊቆጥሩብኝ ነው እንዴ?»

«ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው» አሉ መምህር ጌታሁን። «እርስዎ በሬ ሲገዙ ሆዱ ሞልቶ ቢያዩት ወዲያው ይገዙታል?»

«ወላሂ አልገዛም። ጨው አልሰው ውኃ ያጠጡት ሊሆን ይችላል። አዙሬ አየዋለሁ። አስኬደዋለሁ። ካልተማመንኩ ለማግስቱ አሳድረዋለሁ።»

«እኔም እያሳደርኩት ነው።»

«በሬውን የማሳድረው ልገዛው ስል ነው። እርስዎ ይህን ሊገዙት ነው?»

መምህር ጌታሁን ሳቁ። «አይ፣ ሻጯ ሀያት ናት። ገበያ መሃል ሆዱ ጎድሎባት እንዳታፍር ነው።»

አቶ ሙሄ ግን አልሳቁም። «እርስዎ አልሆነም ሲሉ ልጅቷ ጅዳ ትሄዳለች። ይህን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እውነት እንዲሆን በጣም ስለፈለግኩ ነው የማላምነው» አሉ መምህር ጌታሁን። «ሰው የሚፈልገውን ነገር በቀላሉ ያያል።»

ከዚህ በኋላ በተባለው ላይ ሁለቱ ምስክሮቼ አይስማሙም። አቶ ሙሄ «መምህሩ ኢንሻአላህ ይሆናል ብሎኝ ተለያየን» ይላሉ። ሀያት «ምንም አላሉም፤ አጎቴ በሩን ወርውሮት ወጣ» ትላለች። እኔ ራሴ የሰማሁት የበሩን ድምፅ ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት መምህር ጌታሁን ፍላሻቸውን ይዘው ደሴ ሄዱ። ያንኑ የሰማይ ቦታ ምስሎቹን የሚያነሳው ቴሌስኮፕ በሌላ ወቅት፣ በሌላ አቅጣጫ ዘንበል ብሎ ሳለ ያነሳው ምስል ፍለጋ ነበር። ለእኛ ግን አልነገሩንም። «ደሴን አልፈው አዲስ አበባ ሄደዋል። ጋላክሲውን በስማቸው ሊያስመዘግቡት ነው» ተባለ። ሀያት ቅዳሜ መምጣቷን አቆመች። ፓስፖርቱም ወጣ።

ሲመለሱ ሁለታችንን ጠሩን። ጀርባ ለጀርባ አስቀምጠው አዲሱን ምስል ለየብቻ ሰጡንና «የምታዩትን ሳሉ» አሉን። ከመሳላችን በፊት እሳቸውም ግምታቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ወረቀቱን አጥፈው ያዙት። ሳልን። የተቆለመመው ክንድ በሁለታችንም ሥዕል ላይ ከቦታው አልተነቃነቀም። ቀጥ ያለው ግን ቦታውን ለቆ ወደ ሌላ ጎን ዞሯል። መምህር ጌታሁን የእሳቸውን ወረቀት ዘረጉት፤ «ሁለቱም የካሜራው ናቸው» ይላል።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «ማጭዱ የሰማይ ነው። የካሜራው እጀታው ብቻ ነው።»

ሀያት አለቀሰች። «እጀታ የሌለው ማጭድ ማን ያያል?» አለች።

«ስሚኝ፣ ሀያት። እጀታ ማንም ገበሬ ከእንጨት ጠርቦ ያበጃል። ከየትም የማይገኘው ስለቱ ነው። አሁን እፈርማለሁ፤ ግን እጀታውንም ታሳያለሽ። ምን እንዳሳሳተሽ፣ እኔንም ምን እንዳሳሳተኝ ትናገሪያለሽ።» ይህን ጋላክሲ ከእኛ በፊት ሌላ ሰው አይቶት እንደሆነ እርግጠኛ አለመሆናቸውንም እንድትጨምር አዘዟት።

ደሴ ላይ ሀያት ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ሰቅላ ቆመች። አንድ ዳኛ ሰምተው ሲጨርሱ «ታዲያ አንቺ ምን አገኘሽ?» አሏት። «ግማሹን» አለች። ሰው ሳቀ። መምህር ጌታሁን ከኋላ ተነሥተው እንዲናገሩ ፈቃድ ጠየቁ። «እኔ ሁለቱም ክንዶች ሐሰት ናቸው ብዬ ነበር። ይህች ተማሪ ሁለቱም እውነት ናቸው ብላ ነበር። ማስረጃው ሲመጣ ሁለታችንም በግማሽ ወድቀናል። እሷ ግን መውደቋን ለመናገር ከእኔ ቀድማ ቆማለች» አሉ። ሽልማቱን ውኃ የሚስብ መሣሪያ የሠሩ ልጆች ወሰዱት።

አቶ ሙሄ በከብት መኪና መጥተው ይህን ሁሉ ከበሩ አጠገብ ቆመው ሰምተዋል። ስንመለስ በአንድ አውቶቡስ ነበርን። ሀያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ሽልማት አልያዘችም፤ ሰው የሚያየው ነገር ማለት ሽልማት ከሆነ ነገሩ አልቋል።

«መምህር» አሉ አቶ ሙሄ።

«አቤት።»

«ሰው በተሰበሰበበት የበሬውን እንከን ራሱ የሚናገር ነጋዴ አይቼ አላውቅም።»

«ነጋዴ አይደለሁማ።»

«ለዚህ ነዋ እንዲህ የከሱት!» አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፤ መምህር ጌታሁንም ሳቁ። አቶ ሙሄ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አፉ ይበሉኝ። ሌባ ነው ብዬ ጠርጥሬዎት ነበር። ራሱን የሚያጋልጥ ሰው የሌላውን አይሰርቅም። ፓስፖርቱ ለጊዜው ሳጥን ውስጥ ይቆይ።»

«ይቅርታው ይቅር፣ ጥርጣሬውን ግን አይተዉት» አሏቸው መምህር ጌታሁን። «በየሴሚስተሩ እየመጡ ውጤቷን በራስዎ ዓይን ይዩ። እኔ ጥሩ ናት ብልዎት አይመኑኝ።»

አቶ ሙሄ ይህን ቃል በቃል ተቀበሉ። በየሴሚስተሩ እየመጡ ውጤቷን ያዩ ነበር። «ለጊዜው» ያሉትን ግን አልተዉም፤ ውጤቷ ዝቅ ባለ ቁጥር ፓስፖርቱ ከሳጥን ይወጣል። እንዲህ በወጣ ጊዜ ሁሉ መምህር ጌታሁን ሀያት ቤት ሄደው ከአቶ ሙሄ ጋር ይቀመጣሉ። ለማግባባት አንድም ቃል አይናገሩም። ደብተሯን ዘርግተው በአጎቷ ፊት ያስጠኗታል፤ ያው ነው። በዚያ ቤት ስንት ቅዳሜ ከሰዓታቸውን እንዳሳለፉ ቀብሩ ላይ ማንም አላነሣውም። እኔ ደግነታቸው ይህ ነበር እላለሁ። እሳቸው ግን ቢጠየቁ «የአቶ ሙሄ ቤት ቆሎ ጥሩ ስለሆነ ነው» ይሉ ነበር፤ ይህን አላምናቸውም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንፈተን ለእኔ ሞላልኝ። ሀያት ግን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚበቃውን ነጥብ ለጥቂት አጣችና ሪሜዲያል ደረሳት። ወራት ተምራ እንደገና ትፈተናለች፤ ካለፈች ዩኒቨርሲቲ ትቀጥላለች። ካላለፈች አክስቷ ጅዳ እየጠበቀች ነው። አቶ ሙሄም «ይህ የመጨረሻው ነው» አሉ።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመሄዴ በፊት ልሰናበታቸው ወግዲ ሄድኩ። እናታቸው ቤት፣ ደጃፉ ላይ ጋቢ ለብሰው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። «ይሻልዎታል» አልኳቸው፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«በምን አወቅሽ?» አሉኝና ፈገግ አሉ። «ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አይተውኛል። ተስማምተዋል።»

እሳቸው ወሬውን ቀየሩልኝ። ስለዚያ ጋላክሲ አነሡ። አንድ ነገር እንዳልገባቸው ነገሩኝ። ክንዱ የተጎተተው ሌላ ጋላክሲ አጠገቡ ሲያልፍ ከሆነ ያ ሌላው የት ሄደ? ተዋህዶት ይሆን ወይስ ከአቧራው ጀርባ ተደብቆ? «እኔ አልደረስኩበትም። እናንተ ትደርሱበት ይሆናል፤ ባትደርሱበትም ደረስን አትበሉ» አሉኝ።

ልነሣ ስል «ሀያትስ?» አሉኝ።

«ሪሜዲያል ልትገባ ነው። አልፋለሁ እያለች ነው።»

«አልፋለሁ ስትልሽ አትንገሪኝ» አሉ። «ስታልፍ ንገሪኝ።»

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

መምህሬ፣ እርስዎን በሚያመሰግን ሰው መሃል ቆሜ ምን እንደምል ጨንቆኝ ነበር። ምስጋና ሲበዛ ፊትዎ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። ስለዚህ ምስጋናውን ትቼ እንድነግርዎ ያዘዙኝን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። የዘገየሁት ወሬ አላቀብልም ብዬ ነው። ሀያት ፈተናውን እንደጨረሰች «አልፌያለሁ መሰለኝ» ብላ ደውላ ነበር፤ አልነገርኩዎትም። ጓደኞቿም አልፋለች አሉኝ፤ አልነገርኩዎትም። ባለፈው ሳምንት ውጤቱ ወጣ። በራሴ ዓይን አየሁት። አቶ ሙሄም ለብቻቸው መካነ ሰላም ኢንተርኔት ቤት ገብተው አስከፍተው አዩት፤ የኢንተርኔት ቤቱን ልጅ ደግሞ እንዲከፍተው አስገድደውት እንደገና አዩት።

ሀያት አልፋለች፣ መምህሬ። የመረጠችው ፊዚክስ ነው።

ደህና ይረፉ።